ከጉባኤ ቃና እስከ «አፈርሳታ»፦ እንግሊዝኛን ከነሥነ ጽሑፉ ስለ መማር

በሐዋሳ ከተማ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ የሚኖር አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ በአንድ የትምህርት ቀን ሁለት የቋንቋ ክፍለ ጊዜያት ሊገጥሙት ይችላሉ። በአማርኛው ክፍለ ጊዜ ስለ ልብ ወለድ አላባውያን ይማራል። ሴራ፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ ግጭት የሚሉትን ቃላት ይሰማል፤ ከአንድ ድርሰት የተቀነጨበ ክፍል ያነባል፤ ስለ ግጥም ምት፣ ስለ ቤት መምቻና ስለ ዘይቤ ይጠየቃል። ደወል ተደውሎ የእንግሊዝኛው መምህር ሲገቡ ግን ሥነ ጽሑፍ ከክፍሉ ይወጣል። ምንባቡ ስለ ጤና አጠባበቅ ወይም ስለ አካባቢ ጥበቃ ይሆናል። ከምንባቡ ሥር ጥያቄዎች፣ ከጥያቄዎቹ ሥር የቃላት ፍቺ፣ ከዚያ በታች የሰዋስው መልመጃ ይከተላሉ። አልፎ አልፎ አንድ ግጥም ወይም አጭር ታሪክ ብቅ ቢል እንኳ የሚስተናገደው እንደ ማናቸውም ምንባብ ነው፤ «ማን ምን አደረገ?» ተብሎ ይጠየቅበታል እንጂ «ለምን በዚህ አኳኋን ተባለ?» ተብሎ አይመረመርም።

ይህን ልዩነት የፈጠረው ሐሳብ በግልጽ ተጽፎ ባይገኝም በልማድ የታወቀ ነው። አማርኛ የጥበብ ቋንቋ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ የሥራ መሣሪያ ነው ይባላል። መሣሪያ ደግሞ አጠቃቀሙን ማወቅ ይበቃል፤ በውበቱ መደሰት ትርፍ ነው። በተጨማሪም ሥነ ጽሑፍ የሚጣፍጠው አፍ በተፈታበት ቋንቋ ብቻ ነው የሚል እምነት አለ። ሐዋሳ ግን ይህን እምነት የምታፈርስ ከተማ ናት። በዚያው ክፍል ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል አፉን በሲዳምኛ የፈታ፣ በወላይትኛ የፈታ፣ በከምባትኛ ወይም በጉራግኛ የፈታ አለ። ለብዙዎቹ አማርኛም ሁለተኛ ቋንቋ ነው። እንዲህም ሆኖ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ይማራሉ፤ ይፈተናሉ፤ ከመካከላቸው በአማርኛ ግጥም የሚጽፉ ይወጣሉ። ሁለተኛ ቋንቋ ሥነ ጽሑፍን አይሸከምም የሚለው ክርክር አንድ ክፍለ ጊዜ ቀደም ብሎ በዚያው ክፍል ውስጥ ተሸንፏል ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ሳይጠቀስ መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። ተማሪው በአማርኛው ክፍለ ጊዜ የሚሰማቸው ገጸ ባሕርይ፣ ሴራ፣ መቼት የሚሉት ቃላት ከጥንት የወረዱ አይደሉም። እነዚህን የመሰሉ የሥነ ጽሑፍ ሙያ ቃላት በአማርኛ እንዲለመዱ በማድረግ ስሙ የሚነሣው ደበበ ሰይፉ ነው። ደበበ የተወለደው ከሐዋሳ ወደ ደቡብ ብዙም በማትርቀው በይርጋለም ነው። ገጣሚ፣ ሐያሲና የዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ይህ ሰው «መቼ»ንና «የት»ን አጋጥሞ «መቼት» የሚል ቃል ለማውጣት የበቃው ሥነ ጽሑፍን ከአንድ ቋንቋ በላይ ስላነበበ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ልብ ወለድና ተውኔት ከነሒሱ በደንብ ያላነበበ ሰው ለዚያ ጽንሰ ሐሳብ አማርኛ ስም አይፈልግለትም፤ ስም የጎደለው መሆኑንም አያውቅም። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ከትምህርት ቤት መውጣት የሚጎዳው እንግሊዝኛን ብቻ ነው ብሎ መገመት ስሕተት ነው።

እንግሊዝኛ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ያለው ታሪክ እጅግ ረጅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ከሚሰጡት የውጭ ቋንቋዎች አንዱ ነበረ፤ ከጣልያን ወረራ በፊት ግን የበላይነቱ የፈረንሳይኛ ነበር። እንግሊዝኛ ሥፍራውን የያዘው እ.ኤ.አ. ከ1941 በኋላ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. በየጠቅላይ ግዛቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የውጭ አገር መምህራን በብዛት ያስተምሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ብቻ ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት ለማስተማር መጥተዋል። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው የእንግሊዝ ደራስያንን ልብ ወለድ በአጭሩና በቀላል ቋንቋ ተዘጋጅቶ ማንበቡን ያስታውሳል። ያን ዘመን የሚናፍቁ አሉ። ናፍቆቱ በከፊል ተገቢ ነው፤ የተነበበው መጽሐፍ በከፊልም ቢሆን መጽሐፍ ነበርና። ይሁንና ተማሪው ስለ ለንደን ጭጋግና ስለ በረዶ ሲያነብ የገዛ አገሩ በዚያ ቋንቋ ሊጻፍ የሚችል መሆኑን የሚያሳየው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ለውጦች ሥነ ጽሑፉን ይበልጥ ወደ ዳር ገፉት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋ በአንደኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን፣ እንግሊዝኛም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በትምህርት ዓይነትነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ደግሞ ማስተማሪያ እንዲሆን ወሰነ። ሐዋሳ መናገሻው በነበረችበት በቀድሞው የደቡብ ክልል ወደ እንግሊዝኛ የሚደረገው ሽግግር ገና በ5ኛ ክፍል ነበር። እንግሊዝኛ በዚህ ሁኔታ የፊዚክስ፣ የጂኦግራፊና የሒሳብ ተሸካሚ ሆነ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ፕላዝማ እየተባለ የሚጠራው በሳተላይት የሚሠራጭ ትምህርት ሲመጣም በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው መስኮት እንግሊዝኛን ጭምር አስተማረ። መስኮቱ አጥርቶ ይናገራል፤ ተማሪው የጻፈውን ዓረፍተ ነገር ግን አያነብም። ጭነት የበዛበት አጋሰስ ስለ አረማመዱ ማማር ማን ይጠይቀዋል? እንግሊዝኛም እንደዚሁ ሆነ።

ውጤቱን ለመመልከት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ዙር 3.2 በመቶ፣ ከዚያም በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። የዚህ ውድቀት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቋንቋ ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን የፈተናው ጥያቄ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጥያቄውን ያልተረዳ ተማሪ መልሱን ቢያውቅም አላወቀም። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው የእንግሊዝኛው ፈተና ራሱ ነው። የቋንቋው ፈተና ከአራት አማራጮች አንዱን ማጥቆር ነው። አንድ ወጣት አሥራ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ተምሮ፣ በራሱ እጅ ስለ ጻፈው አንድ አንቀጽ በብሔራዊ ፈተና ሳይጠየቅ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ይችላል። የማይፈተን ነገር ደግሞ እንደማይማሩት መምህራን አሳምረው ያውቃሉ።

የማንንም አፍ ያልፈታ ቋንቋ እንዴት ይማሩታል የሚለው ጥያቄ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ግዕዝ የቤትና የገበያ ቋንቋነቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ቀርቷል። እንዲህም ሆኖ በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዋድላና በሌሎችም የቅኔ ቤቶች በግዕዝ የሚያስቡ፣ በግዕዝ የሚቀኙ ሰዎች ያለማቋረጥ ወጥተዋል። የቅኔ ቤቱ ዘዴ በጥሞና ቢመረመር ሰዋስውና ሥነ ጽሑፍ በተለያየ ክፍለ ጊዜ የሚሰጡ ሁለት ትምህርቶች አይደሉም። ተማሪው ግስ ይገሳል፤ እርባታውን ያወርዳል፤ አምስቱን አዕማድ፣ አድራጊን ከተደራጊ፣ አስደራጊን ከተደራራጊ ይለያል። ያጠናውን ግን ለነገ አያሳድረውም፤ ያንኑ ዕለት በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ውስጥ ያስገባዋል። ቆጥሮ ያመጣውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርሙታል፤ ጓደኞቹም ሲታረም ይሰማሉ። ጉባኤ ቃናው ሲቀናለት ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ይሸጋገራል፤ እያለ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል።

ከዚህ ዘዴ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ዋናው ነጥብ ጀማሪው ቋንቋውን ችሎ እስኪጨርስ ድረስ ከጥበቡ ደጃፍ ውጭ እንዲጠብቅ አለመደረጉ ነው። «ሰዋስውህ ገና ስለ ሆነ ቅኔ አይገባህም» የሚለው የለም። ሰዋስው የሚጠናበት ምክንያት ቅኔው ነው። አንድ ቅጥያ ስሕተት ከሆነ ሰሙና ወርቁ ይበታተናል፤ ስለዚህ ተማሪው ስሕተቱን የሚጠላው ነጥብ ስለሚያስቀንስበት ሳይሆን ያሰበውን ነገር ስለሚያበላሽበት ነው። በእንግሊዝኛው ክፍል ውስጥ የጠፋው ይህ ነው። ተማሪው የግሥ ጊዜያትን ሁሉ በሰንጠረዥ ያውቃቸዋል፤ አንዱን ከሌላው አስበልጦ የሚመርጥበት የራሱ ጉዳይ ግን የለውም።

እርግጥ ነው፣ የቅኔ ቤትን ያለ ልክ ማሞገስ አይገባም። ቅኔ ብዙ ዓመት ይጠይቃል፤ ተማሪው ቁራሽ እየለመነ፣ ቆሎ እየቆረጠመ የተማረው ትምህርት ነው፤ ሴቶችም ከጥቂቶች በስተቀር ከደጁ ውጭ ነበሩ። በተጨናነቀ የከተማ ክፍል ውስጥ እንዳለ ይገልበጥ ማለት ቀልድ ይሆናል። ሊወሰድ የሚችለው መሠረተ ሐሳቡ ነው፤ እርሱም ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ በአንድ ገበታ ይቀርባሉ የሚል ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከውጭ አገር ሲመጣ በጎረቤቱ ያለውን ይህን ልምድ ዞር ብሎ አላየውም። ቅኔን የቤተ ክህነት ጉዳይ ብሎ አለፈው፤ የቋንቋ ማስተማሪያ ዘዴ መሆኑን ልብ ያለው ጥቂት ነበር።

ታዲያ በእንግሊዝኛው ገበታ ላይ ምን ይቅረብ? ብዙ ሰው ሥነ ጽሑፍ ሲባል ሼክስፒር በዓይኑ ላይ ይመጣበታል። ሼክስፒርን ከበደ ሚካኤልና ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ አምጥተውታል፤ ተማሪው በመጀመሪያ በአማርኛው ቢያገኘው አይከፋም። በእንግሊዝኛ ለመጀመር ግን ከዚህ የሚቀርብ ነገር አለ። ኢትዮጵያውያን ራሳቸው በእንግሊዝኛ ጽፈዋል። የጸጋዬ «ዘ ኦዳ ኦክ ኦራክል» የተባለው ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1965 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሟል። መንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ»ን ለእንግሊዝኛ አንባቢም አድርሷል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የመጀመሪያ ልብ ወለዱን በቸሃ ቋንቋ ጽፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 በቮልፍ ሌስላው ተርጓሚነት በእንግሊዝኛ ወጣለት፤ ከዚያ በኋላ ራሱ በእንግሊዝኛ ጻፈ። ዳኛቸው ወርቁም በአማርኛ «አደፍርስ»ን ካበረከተ በኋላ በእንግሊዝኛ «ዘ ተርቲንዝ ሰን»ን ጽፏል። የእነዚህ የሁለቱ ልብ ወለዶች፣ የሣህለ ሥላሴ «ዘ አፈርሳታ» እና የዳኛቸው «ዘ ተርቲንዝ ሰን»፣ ቺኑዋ አቼቤን ለዓለም ባስተዋወቀው በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ውስጥ ታትመዋል። በሌጎስና በናይሮቢ አንባቢ ያገኙ መጻሕፍት በሐዋሳ ክፍል ውስጥ አለመነበባቸው ያስገርማል።

«አፈርሳታ»ን እንመልከት ቢባል፣ ነገሩ የሚጀምረው በጉራጌ ምድር በውድማ በአንድ ሰው ጎጆ መቃጠል ነው። ያቃጠለው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። ስለዚህ የአገሩ ሰው በልማዱ መሠረት ለአፈርሳታ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛን በሕዝብ ሸንጎ፣ በመሐላና በምርመራ ለማውጣት። አውጫጭኝን በስሙ የሚያውቅ የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ለመረዳት የግርጌ ማስታወሻ አያሻውም። የሲዳማ ልጅ ደግሞ የሶንጎን ሸንጎ ያውቃል፤ ሽማግሌዎች ነገር ሲሰሙ፣ «አፊኒ» ተባብለው ሲጠያየቁ፣ «ሐላሌ» የተባለው እውነት ከንብረትም ከዘመድም በላይ ሆኖ ሲጠራ አይቷል ወይም ከአያቱ ሰምቷል። መጽሐፉ የሚጠይቀውን የሕይወት ዕውቀት ይዞ ይመጣል፤ የጎደለው እንግሊዝኛው ብቻ ነው። ለንደንን ከነጭጋጉ እንዲያውቅ ሲገደድ ግን ሁለቱም ይጎድሉታል።

አሁን ሰዋስው ወደዚህ ይግባ። መምህሩ ተገብሮ ግሥን ለማስተማር ከመማሪያ መጽሐፉ ያልተያያዙ አሥር ዓረፍተ ነገሮች ከሚያስገለብጡ፣ በዚያች በተቃጠለችው ጎጆ ቢጀምሩስ? በአማርኛ «ጎጆው ተቃጠለ» ሲባል እሳቱ በራሱ ተነሥቶ ይሁን ወይስ እጅ ለኩሶት፣ ግሡ ብቻውን አይናገርም፤ ሁለቱንም በአንድ ቃል ይሸፍናል። እንግሊዝኛ ግን ለሁለቱ ሁለት መንገድ አለው። ግሡ ያለ ረዳት ሲቆም ጎጆው እንዲያው በእሳት ጠፋ ማለት ይሆናል፤ «ዎዝ» የተባለችውን ረዳት ግሥ ሲያስቀድም ግን ከበስተጀርባው አንድ እጅ ይጠረጠራል፤ እጁ የማን እንደ ሆነ ሳይነገር። የአፈርሳታ ሸንጎ የተሰበሰበው ይህን ባዶ ቦታ ለመሙላት ነው። አድራጊውን መደበቅ ማን ይጠቅማል? የትኛው ምስክር በየትኛው ግሥ ቢናገር ራሱን ያድናል? በዚህ ጊዜ ተገብሮ የቃላት ማገላበጫ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የፍርድ ጥያቄ ይሆናል። ተማሪዎቹ የምስክርነት ቃል በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ ቢታዘዙ፣ አንዱ የሌላውን ቃል መርምሮ «ይህ ሰው አድራጊውን ደብቋል» ለማለት ይችላል። የቅኔ መምህሩ አድራጊንና ተደራጊን ከነፍሱ ጋራ አገናኝቶ ያስተማረው በዚሁ መንገድ ነው።

«ዘ ተርቲንዝ ሰን» ከባድ መጽሐፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲወጣ የመጣበት የአጻጻፍ ስልት ዛሬም አንባቢን ያደክማል። ለ11ኛ ክፍል ሙሉውን መስጠት አይመከርም። ታሪኩ ግን ቅርብ ነው፤ በሽተኛው ፊታውራሪ ወልዱ ከልጆቹ ከጎይቶምና ከወይኒቱ ጋራ ፈውስ ፍለጋ ወደ ዝቋላ ይጓዛል። ከዚህ መጽሐፍ ጥቂት ገጾች ተመርጠው አንድ ትልቅ ትምህርት ሊሰጥባቸው ይቻላል። አባትና ልጅ ሲነጋገሩ እንግሊዝኛው «ዩ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ አለችው። አማርኛ ግን «አንተ»ን ከ«እርስዎ»፣ «አንቺ»ን ከ«አንተ» ይለያል። ተማሪው ንግግሩን ወደ አማርኛ መልስ ቢባል በየመሥመሩ መወሰን አለበት። ልጁ አባቱን «አንቱ» ይላልን? ተቆጥቶ በተናገረበት ቦታስ? አባትየውስ የዘመናይ ትምህርት የቀመሰ ልጁን በምን ቃል ይጠራዋል? ይህን ለመወሰን የሁለቱን ሰዎች ዝምድና፣ የዘመኑን ማዕረግ፣ የፀቡን ሙቀት ማወቅ ያስፈልጋል። ያን ካወቀ ገጸ ባሕርይን ተማረ ማለት ነው፤ ትርጓሜውን በቃሉ ሳያነበንብ። ወደ ሲዳምኛ ወይም ወደ ወላይትኛ የሚመልሱት ጓደኞቹ ሌላ ምርጫ ይገጥማቸዋል፤ አንድ ክፍል ውስጥ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በሦስት ቋንቋ ሲመዘን የሚፈጠረውን ክርክር ያህል ስለ እንግሊዝኛ የሚያስተምር መልመጃ ማግኘት ያስቸግራል። የብዙ ቋንቋ ክፍል እንደ ችግር ሲቆጠር መኖሩም በከንቱ ነበር።

ይህን አሳብ የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሡት የመጀመሪያው ነጥብ ችሎታ ነው። አንድ አንቀጽ አጥርቶ መጻፍ ለማይችል ተማሪ ልብ ወለድ መስጠት ቅንጦት ነው ይላሉ። መልሱ ከላይ ተሰጥቷል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት። የሚመረጠው ጽሑፍ አጭርና ቀላል ሊሆን ይችላል፤ የሚጠየቀው ሥራ ግን እውነተኛ መሆን አለበት። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። ተማሪው የሚያስፈልገው የሳይንስ እንግሊዝኛ ነው ይላል። ይሁንና የሳይንስን ጽሑፍ የሚከብደው የሙያ ቃሉ አይደለም፤ የሙያውን ቃል መጽሐፉ ራሱ ይፈታዋል። የሚከብዱት «ይሁን እንጂ»፣ «ካልሆነ በስተቀር»፣ «እንደ ሆነ» የሚሉት የአሳብ መጋጠሚያዎች ናቸው። እነዚህን ሰው የሚለምዳቸው በረጅም ንባብ ውስጥ ነው፤ ወጣትን ሳይሰለች ረጅም የሚያስነብበው ደግሞ ታሪክ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ከወዳጅ ወገን የሚመጣ በመሆኑ ይበልጥ ሊጤን ይገባዋል። ሥነ ጽሑፍ ወደ ክፍል ሲገባ ምን ሆኖ ይገባል? የአማርኛው ምሳሌ ሙሉ በሙሉ የሚያኮራ አይደለም። በብዙ ክፍሎች ዘይቤ የሚማሩት በስም ዝርዝር ነው፤ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ አነጻጻሪ፣ ግነት። ተማሪው ከአንድ ስንኝ ፊት ቆሞ የሚያደርገው ስሙን መለጠፍ ነው፤ ዘይቤው በዚያ ቦታ ምን እንደ ሠራ አይጠየቅም። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍም እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ከሆነ፣ አሁን ባለው ሸክም ላይ ሌላ ሸክም መጨመር ነው፤ ባይመጣ ይሻላል።

ኬንያ በዚህ ረገድ ጠቃሚ ጎረቤት ናት። እ.ኤ.አ. በ1968 ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ኦውር አንዩምባና ታባን ሎ ሊዮንግ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ክፍል እንዲፈርስና አፍሪካ በመካከል የምትቀመጥበት የሥነ ጽሑፍ ትምህርት እንዲተካ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1985 በተጀመረው የትምህርት ሥርዓት ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ አንድ ትምህርት ሆነው ተዋሐዱ፤ የማጠቃለያ ፈተናውም ሦስት ወረቀት ሆኖ ከመካከላቸው አንዱ ተማሪው ስለ ተመደቡለት መጻሕፍት ድርሰት የሚጽፍበት ነው። ቀደም ሲል ከተመደቡት መጻሕፍት መካከል የማርጋሬት ኦጎላ «ዘ ሪቨር ኤንድ ዘ ሶርስ» ይገኝበት ነበር። ነገሩ ያለ ችግር አልሄደም። ሥነ ጽሑፉ በሰዋስው ተዋጠ የሚሉ መምህራን ብዙ ናቸው፤ ተማሪው መጽሐፉን ትቶ አጭር መመሪያውን የሚሸመድድበት ጊዜም አለ። በሌላ በኩል የቴአትር ቡድኖች የተመደቡትን መጻሕፍት እየተወኑ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይዞራሉ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በከፍተኛው የሁለተኛ ደረጃ እርከን ቋንቋው ብቻውን፣ ሥነ ጽሑፉ ብቻውን፣ ሁለቱም በአንድነት ሦስት የተለያዩ ትምህርቶች ሆነው ለምርጫ ይቀርባሉ። ለኢትዮጵያ የቀረበው ምሳሌ የኬንያው ነው፤ ከነችግሩ።

የመምህሩ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጣል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ላይ የዋለው፣ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 70 በመቶውን ለተፈጥሮ ሳይንስና ለቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶውን ለማኅበራዊ ሳይንስና ለሥነ ሰብ የመደበው አሠራር የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ክፍሎችን አጥብቧቸዋል። በከፍተኛ ትምህርት ደረጃም እንግሊዝኛን ማስተማር አንድ ሙያ፣ ሥነ ጽሑፍን ማጥናት ሌላ ሙያ ሆነው በየበኩላቸው ይሄዳሉ። አንደኛው ወገን ስለ ዘዴ ያውቃል፣ ሁለተኛው ስለ መጻሕፍት፤ ክፍል ውስጥ የሚገባው መምህር ግን አንድ ሰው ነው። ሐዋሳ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲው እስከ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ትምህርት ቤቶች ያለው ርቀት በባጃጅ የሚሄዱበት ነው። የዩኒቨርሲቲው የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ክፍል ተመራቂ ተማሪዎቹን አንዳንድ ምዕራፍ አስመርጦ፣ መልመጃ አሠርቶ፣ በየክፍሉ እየገቡ እንዲሞክሩት ቢያደርግ አዲስ በጀትም አዲስ ፖሊሲም አይጠይቅም። ከተማዋ አንድ ክፍለ ከተማዋን «ባህል አዳራሽ» ብላ የሰየመች ናት፤ የኬንያዎቹን ዓይነት ትወና የሚያስተናግድ መድረክ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም።

መጽሐፍ ማግኘቱ አስቸጋሪ ነው። «ዘ አፈርሳታ»ም ሆነ «ዘ ተርቲንዝ ሰን» በየመጻሕፍት መደብሩ ተደርድረው የሚገኙ አይደሉም። ከባለመብቶች ጋር ተስማምቶ ጥቂት ምዕራፎችን በአንድ ቀጭን ጥራዝ ማሳተም የአሳታሚዎችና የትምህርት ቢሮዎች ሥራ ነው። እስከዚያው ግን ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚያመጡት ጽሑፍ አለ። በፍቼ ጨምበላላ በዓል ሰሞን ጉዱማሌ ላይ ቄጣላ ሲዘፈን አውጪው ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከዚያ የሰማውን አንድ አዝማች ወደ እንግሊዝኛ ልመልስ ቢል ከሁሉ በፊት የሚገጥመው ጥያቄ የድምፁ ባለቤት ነው፤ የአውጪው ቃል «እኔ» ይሁን፣ የተቀባዩ «እኛ»፣ ወይስ ሁለቱም በአንድ ድምፅ ይነገሩ? ቀጥሎ ግሡ በትኛው ጊዜ ይቁም የሚለው ይመጣል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሦስቱን አማራጮች ጽፈው ጠመኔውን ለክፍሉ ሊሰጡ ይችላሉ።